ለራስ የማይሆን ጥጥ

በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሰው ቆዳ ሳይ ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የገዛ ክንዴን ማወቅ አቃተኝ። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህችን ለማስረዳት ነው። መሐል ላይ ወዲያ ወዲህ ብል አንባቢ ይታገሰኝ፤ እኔም ራሴ የገባኝ ጥቂት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ሽንኩርትና ሳሙና ገዝቼ ታክሲ አጣሁና ወደ ቤቴ በእግሬ አዘገምኩ። ፀሐዩ ይጠብሳል። ቤት ደርሼ እጄን ልታጠብ እጅጌዬን ስሰበስብ የግራ ክንዴ በላብ ወርዝቷል፤ የመንገዱ አቧራም ላቡ ላይ ተለጥፏል። ከክርኔ ዝቅ ብላ ግን የሲኒ ማስቀመጫ የምታህል ቦታ ደረቅ ናት። ላብ የለባትም፤ አቧራም አልያዘችም። ቀለሟ ከሌላው ቆዳዬ ነጣ ይላል፤ ፀጉሯም ሳስቷል። ለስንቱ ተማሪ ነርስ «ላብ ያልጎበኘውን ቦታ ጠርጥሩ» ብዬ ያስተማርኩ ሴትዮ፣ ፎጣ አንስቼ ክንዴን ጠረግኩና ሽሮዬን ልጥድ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

ስሜ የሺ ነው። በሰፈሩ ግን ሲስተር የሺ ነኝ፤ ከሥራ ብወጣም ሲስተርነቱ አልወጣልኝም። ሰው ፌርማታ ላይ አቁሞኝ ሸሚዙን ገልቦ ጀርባውን ያሳየኛል። እኔም በቆምኩበት «ይሄ ጭርት ነው፣ ክብ ሆኖ ጠርዙ ላይ ይነሳል»፣ «ይሄ ቋቁቻ ነው፣ አትጨነቅ»፣ «አንቺ ደግሞ ያን የማቅያ ቅባት ተይ፤ ማድያቱን እያባባሰው ነው» እያልኩ እሸኛለሁ። የሰውን ስም እረሳለሁ፣ ሽፍታውን ግን አልረሳም። ታዲያ የራሴን ክንድ ሳይ ይህ ሁሉ እውቀት ወዴት ተሰደደ? አንድ ቀን ቋቁቻ ነው ብዬ አደርኩ። በማግሥቱ ቋቁቻ ከሆነ ሲፋቅ መርገፍ ነበረበት ብዬ ራሴን ተከራከርኩ። ከዚያ ችፌ ነው አልኩ፤ ችፌ ግን ያሳክካል፣ ይህቺ አታሳክክም። ከዚያ የእርጅና ድርቀት አልኩና ቫዝሊን ለቀለቅኳት። እርጅና ለምን አንዲት ክብ ቦታ ላይ ብቻ መጣ ብላ የምትጠይቀኝ ያቺ አሮጊት ነርስ ውስጤ ተቀምጣለች፤ ዝም በይ አልኳት።

ነርስነት የጀመርኩት ሸዋ ውስጥ አንዲት የገጠር ጤና ጣቢያ ነው። ያኔ ቆዳ ማለት ለእኔ መርፌ የሚወጋበት ቦታ ነበር። እከክ የያዘው ሲመጣ ቅባት እሰጣለሁ፤ እከኩ ተመልሶ ሲመጣ ሰውዬውን እቆጣለሁ። እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም ይባላል፤ እኔ ግን ጥፍሩን ሳይቀር እቆጣ ነበር። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ። የዝውውር ወረቀቴ ከእኔ በላይ ብዙ ቢሮ አይቷል፤ ደመወዙም ያው የምታውቁት ነው። የደረስኩት ከዘነበወርቅ ራቅ ብሎ ወደ ማዞሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ የቆዳ ክሊኒክ ነበር፤ እዚያው ገብቼ እዚያው አረጀሁ። ኃላፊዎች ተፈራረቁብን። አንዱ ስብሰባ ይወዳል፣ አንዱ መጋረጃ ይቀይራል፣ አንዷ ደግሞ ሁላችንንም በስማችን ሳትጠራን ተዛውራ ሄደች። የማይለወጡት ዋናው ነርስ ጋሽ ሞገስ ብቻ ነበሩ።

ጋሽ ሞገስ ጎጃሜ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው የሚንቀራፈፍ። የገባሁ ዕለት ጠዋት ብርድ ስለነበር ጋቢያቸውን እንደደረቡ ነበር። አወለቁና ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«የሺ፣ ጋቢ ስንት ድርብ ነው?» አሉኝ።

«አራት፣ ጋሽ ሞገስ።»

«ቆዳም ድርብ ነው። ቁጠሪ። ይሄ ላይኛው ሙት ነው፤ በየቀኑ ይረግፋል። ሙት ነው ብለሽ እንዳትንቂው፤ የውስጡ ውሃ እንዳይወጣ፣ የውጭው ቆሻሻ እንዳይገባ የሚጠብቀው እሱ ነው። ከሥሩ እሱን የሚወልደው አለ፤ ቀለማችንም የሚሠራው እዚያ ነው። ከዚያ በታች ያለው ወፍራሙ ነው። የደም ሥሩ፣ የላቡ ምንጭ፣ የፀጉሩ ሥር፣ መንካትን የሚነግረን ነርቭ ሁሉ እዚያ ነው። ከሁሉም በታች ስቡ አለ፤ እሱ ፍራሹ ነው። አሁን ልጠይቅሽ፤ አንድ ሰው ነጭ ቦታ ይዞ ቢመጣ ምን ትያለሽ?»

«ለምጽ እላለሁ።»

«አትቸኩይ! ቀለሙ ብቻ ከጠፋ፣ ላቡም ፀጉሩም ስሜቱም ካለ፣ ለምጽ ሊሆን ይችላል፤ ማንንም አይገድልም። ላብ፣ ፀጉርና ስሜት አብረው ከጠፉ ግን የታመመው ከታች ነው። ያኔ ስሙን ከመጥራትሽ በፊት ጥጥሽን አውጪ።»

ስሙ ሥጋ ደዌ ነው። ጋሽ ሞገስ ጥጡን ሳይጨርሱ ይህን ስም አይጠሩም፤ ያንን የስድቡን ስም ደግሞ ክሊኒካችን ውስጥ ማንም እንዲጠራ አይፈቅዱም ነበር።

ልማዳቸው ብዙ ነው፤ እኔ ከሁሉም የወረስኩት ሁለቱን ነው። አንደኛው ሰላምታቸው ነው። እጃቸውን ይታጠባሉ፣ በደንብ ያደርቃሉ፣ ከዚያ የገባውን በሽተኛ ሁሉ በባዶ እጅ ይጨብጣሉ። ረጅም ጭበጣ ነው፤ «እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና» እያሉ፤ ኮልፌ ከብት ይኑር አይኑር ግድ የላቸውም። በጭበጣው የመዳፉን ድርቀት፣ የአውራ ጣቱን ጉልበት፣ የትንሿን ጣት መታጠፍ ይመረምራሉ። በሽተኛው ግን ሰላም እየተባለ ነው የሚመስለው፤ እውነትም ሰላም እየተባለ ነው። ለዓመታት ማንም ጨብጦት የማያውቅ ሰው እጁን ሰጥቶ ሲያለቅስ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ጥጡ ነው። ከጥቅሉ ትንሽ ይመዛሉ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አሹረው ጫፉን ያቀጥናሉ፤ በባዶ የክብሪት ሣጥን ውስጥ ያኖሩታል። በሽተኛውን መስኮት አጠገብ ያስቀምጡታል፤ የአምፖል ብርሃን ቀለም ያሳስታል ይላሉ። መጀመሪያ ዓይኑን ገልጦ እያየ ደህናውን ቆዳ ይነኩታል። «ይሄን ነው የማደርገው፣ አያምም። የነካሁህን ቦታ በጣትህ አሳየኝ» ይሉታል። ከዚያ ዓይኑን ያስጨፍኑታል። ጥጡ ቆዳው ላይ ጎንበስ እስኪል ብቻ ነው የሚያሳርፉት፤ ከገፋሽ ዙሪያውን ያለው ደህናው ቆዳ ይሰማውና ያታልልሻል። ከዚያ ደግሞ የእሳቸው ተንኮል አለች። ምንም ሳይነኩ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። በዚያ ዝምታ «አሁን ነኩኝ» የሚል ሰው አለ፤ ለመዳን ቸኩሎ የሚገምት። «እጅ አይቸኩልም፣ ዝምታም ምርመራ ነው» ይሉን ነበር።

ከቆሼ ቆሻሻ የሚለዩ ሴቶች ይመጡ ነበር። አንዷ መዳፏ ሁሉ ተሰነጣጥቆ ደም ያወጣል። እኔ ቅባት ጻፍኩላት። ጋሽ ሞገስ ወረቀቱን ሳያዩ «በምንድነው የምትታጠቢው?» አሏት። «በኦሞ ነው አባቴ፤ ሽታው በሌላ አይለቅም» አለቻቸው። ቅባቱን በደረቅ እጅ ሳይሆን ታጥባ ውሃው ጠፈፍ ሳይል እንድትቀባ፣ ከላስቲክ ጓንቱ ሥር የጨርቅ ጓንት እንድታደርግ ነገሯት። ችፌዋ ጨርሶ አልለቀቃትም፤ ሥራዋም አልለቀቃትም። እጇ ግን መጨበጥና መዘርጋት ቻለ። እከክንም ከእሳቸው ነው የተማርኩት፤ የአንድ ሰው እከክ የለም፣ የቤት እከክ ነው። አንዱን አክመሽ ሌላውን ከተውሽ ብርድ ልብሱ መልሶ ይሰጠዋል። ያን ሁሉ የሸዋ ገበሬ በከንቱ ስቆጣው እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ።

አሁን ወደ ታደለ ልምጣ፤ ያለ እሱ ይህ ታሪክ አይቋጭም።

ታደለ 18 ማዞሪያ ልብስ ሰፊ ነበር። አባቱ ከጋሞ መጥተው ኮልፌ የከረሙ ሸማኔ ናቸው። እሱ ግን ሸማውን ትቶ የስፌት መኪናውን ያዘ፤ የሙሽራ ቬሎ የሚሰፋ፣ ስሙ የተጠራ ሰው ሆነ። ትከሻው ላይ ነጣ ያለ ቦታ ይዞ መጣ። ጋሽ ሞገስ ጨበጡት፣ መስኮቱ ጋ አስቀመጡት፣ ጥጡን አወጡ። ታደለ ዓይኑን ጨፍኖ ደህናውን ቆዳ ሲነኩት በጣቱ ያሳያል፤ ነጩ ላይ ሲደርሱ ዝም። ክኒኑን ጀመረ። በየወሩ እየመጣ የወሩን የመጀመሪያ ክኒን እኛ ፊት ይውጣል። አንድም ቀን አልቀረም።

በእኛ ክሊኒክ መድኃኒት የጨረሰ ሰው ይጨበጨብለት ነበር። ጋሽ ሞገስ ካርዱን ይዘው ወደ አግዳሚው ወንበር ይወጣሉ። እኛም ሥራችንን እናቆማለን፤ ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ ያጨበጭባል፤ እናቶች እልል ይላሉ። ጋሽ ሞገስም «ድነሃል! ከእንግዲህ እዚህ እንዳናይህ!» ይላሉ። ቀልድ ነው፤ ምርቃትም ነው። ታደለ ያን ቀን በእስክስታ ነው ከግቢ የወጣው። እኛም ደስ ብሎን ዋልን።

ክረምቱ ገባ። ታደለ ክርኑን ያመው ጀመር፤ ሕመሙ ወደ ትንሿ ጣት ይወርዳል። ብርድ ነው አለ። ሚስቱ ወጌሻ ጋ ወሰደችው፤ ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ክርኑን አሸው፣ ጎተተው። አልተሻለውም፤ ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ታሸ። እኛ ጋ ግን አልመጣም። ለምን ይምጣ? ድኗል። እንዳናይህ ብለነዋል። ለደንበኞቹም መጨረሱን አውርቷል፤ እንደገና በራችን ላይ ቢታይ ቬሎ የሚያሰፋ ማን ይመጣለታል? አንድ ቀን ነጭ ቬሎ ላይ ደም አየ። ደሙ ከየት መጣ ብሎ ቢፈልግ መርፌው ጣቱን ወግቶታል፤ እሱ አልተሰማውም።

ያኔ መጣ። ሁለቱ ጣቶቹ፣ ትንሿና ቀጥላ ያለችው፣ ታጥፈው አይዘረጉም። ጋሽ ሞገስ ጨበጡትና ፊታቸው ተለወጠ። ክርኑን ዳበሱ፤ ነርቩ እንደ ገመድ አብጧል። መድኃኒቱ ተህዋሲያኑን ገድሏል፤ የታደለ ሰውነት ግን ከሬሳቸው ጋር ይጣላ ነበር፤ በዚያ ጠብ መሐል ነርቩ ተጎዳ። ሕመሙ በጀመረው ሰሞን ቢመጣ እብጠቱን የሚያበርድ ክኒን ነበረን፤ ጣቶቹ ይመለሱ ነበር። ክኒኑን ሰጠነው፤ ጠበቅን፤ አልተመለሱም።

ጋሽ ሞገስ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ታደለ «የእኔ ነው እንጂ ጋሼ» አለ። ሚስቱ ወጌሻውን ረገመች። ወጌሻው ምን ያድርግ፤ ክርን አሞኛል ብሎ የመጣን ሰው ነው ያሸው። እኔ እስከ ዛሬ የማን እንደሆነ አላውቅም። ክኒኑ ልክ ነበር፣ ክትትሉ ልክ ነበር፣ ደስታችንም ልክ ነበር፤ ሰውዬው ግን እጁን አጣ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሞገስ ማጨብጨቡን አስቀሩ። ለጨረሰ ሁሉ «ጨርሰሃል። ክንድህን፣ እግርህን፣ ዓይንህን ካመመህ ግን በዚያው ቀን እንድናይህ» ይሉ ጀመር። ድምፃቸው እንደ ድሮው አልነበረም። ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ እኔ ተተካሁ። ታደለ የስፌት መኪናውን ሸጦ እዚያው ማዞሪያው ላይ ክር፣ አዝራርና ዚፕ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ሳልፍ ሰላም ይለኛል። እኔም ሰላም እለዋለሁ። እጁን ስጨብጥ ግን ሁልጊዜ ቶሎ እለቅቅ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አሁንም ግራ ይገባኛል።

እንግዲህ ወደ ክንዴ ልመለስ።

የምኖረው ከልጄ ከሰላም ጋር ነው። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች፤ ናቲ እንለዋለን። ከተወለደ ጀምሮ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ያቺን ደረቅ ቦታ ካየሁ በኋላ ማጠቡን ተውኩ። ከዚያ ማቀፉንም ተውኩ። ልጁ እጆቹን ዘርግቶ ወደ እኔ ይንጠራራል፤ እኔ መሐረብ እፈልጋለሁ፣ በር ልዝጋ እላለሁ፣ ድስት ልይ እላለሁ።

ሰላም ቻለች፣ ቻለችና አንድ ቅዳሜ ማድ ቤት በር ላይ ቆመችብኝ።

«እማዬ፣ ልጁን ለምንድነው የማትይዢው?»

«ወገቤን አሞኝ ነው።»

«ትናንት እኮ ጀሪካን ስታነሺ አይቼሻለሁ። ሲሪየስሊ፣ ምን አድርጌሽ ነው? ካስቀየምኩሽ ንገሪኝ እንጂ ልጄን አትሽሺብኝ።»

«አላስቀየምሽኝም የኔ ልጅ።»

«ታዲያ እሱ ነው ያስቀየመሽ?»

ይህን ብላ አለቀሰች። እኔም ሽንኩርት ይዤ ስለነበር ማልቀሴ አልታወቀም።

አሁን ይህን የሚያነብ ሰው ይታዘበኝ። በሽታው በመጨባበጥ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። ቢገባም እንኳ የአብዛኛው ሰው ሰውነት ራሱ እንደሚያሸንፈው፣ አንዲት ነጠላ ቦታ ያለችው ሰው ለሌላው እምብዛም እንደማታሰጋ፣ ክኒን ከተጀመረ ደግሞ ስጋቱ እንደሚያበቃ አውቃለሁ። ይህን ለስንቱ ባል፣ ለስንቷ አማት ተቀምጬ አስረድቻለሁ። «ልጅዎን ይቀፉ እንጂ!» ብዬ የተቆጣኋቸው እናቶች አሉ። እኔ ዘንድ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ቃል አፌ ላይ የነበረ እንጂ ሥጋዬ ውስጥ የገባ አልነበረም። ሌሊት ጋሽ ሞገስን ተቀየምኳቸው፤ ያ ባዶ እጅ ነው ለዚህ ያበቃኝ አልኩ። ጠዋት ደግሞ በእጅ እንደማይተላለፍ እያወቅሁ የሞተ ሰው በመክሰሴ አፈርኩ። እንዲያውም ምኑን ነው የምከሰው? ምን እንደያዘኝ መች አወቅሁ?

መቼም ጥጥ አላጣሁም። በሬን ዘግቼ፣ አሹሬ፣ ጫፉን አቅጥኜ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ነካሁ። ተሰማኝ። ደግሜ ነካሁ። ተሰማኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ያቺ አሮጊት ነርስ መጣች፦ «የተሰማሽ በክንድሽ ነው ወይስ በጥጥ ያዥው እጅሽ?» እውነቷን ነው። ይህ ጥጥ ለራስ አይሆንም። የያዘው እጅ የት እንዳረፈ ያውቃል፤ የሚያውቀውንም ለልብ ይነግራል። ሞቅ ያለ ብርጭቆ አስጠግቼ ሞከርኩ፤ ሞቀኝ ይሁን ሙቅ መሆኑን ማወቄ ይሁን መለየት አቃተኝ። ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ሌላ ሰው ማለት ደግሞ የሚያውቅብኝ ሰው ነው።

አንድ ጠዋት ቆርጬ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። «ዛሬስ አሳያለሁ» እያልኩ ራሴን እየነቀነቅሁ ነው የገባሁት። ሕይወት የምትባል ያስተማርኳት ነርስ አቅፋ ሳመችኝ።

«ሲስተር! እንኳን መጡልን! ይግቡ፣ እዚያ አግዳሚው ላይ አይቀመጡ፣ ያ የበሽተኛ ነው።»

ወደ ሠራተኞች ክፍል ይዛኝ ገባች፤ ሻይ ታዘዘልኝ። እንዲህ ከተቀበለችኝ በኋላ እጅጌዬን እንዴት ልሰብስብ?

«አንዲት ጎረቤቴ ክንዷ ላይ ነጣ ያለች ነገር ወጣባት» አልኳት።

«ስሜት አላት?»

«እሱን አላወቀችም።»

«ታዲያ ይምጡ በሏቸዋ! ቆዳ በወሬ አይታይም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። በሩ አጠገብ በእኔ ዘመን ያስለጠፍነው ጽሑፍ አለ፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። ቀለሙ ደብዝዟል። ለራሴ ነው ያስለጠፍኩት ለካ ብዬ፣ እንደ እብድ ብቻዬን ስቄ፣ መንገዱን ተሻገርኩ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ሰላም ለቀሚሷ ዚፕ እንዳመጣላት ላከችኝ። ታደለ ሱቅ ገባሁ። ሰው አልነበረም። ዚፑን ሲያወጣልኝ ቆይቶ ዓይኑ እጅጌዬ ላይ ቀረ።

«ሲስተር፣ በዚህ ሙቀት ሹራብ?»

«ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«እኔም ያኔ ብርድ ነው ብዬ ነበር» አለና ዚፑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ለልጄ ያልነገርኩትን፣ ከሕይወት የደበቅሁትን፣ እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየሁት። እሱም የሱቁን በር ገርበብ አደረገው። ከመደርደሪያው ሥር ለኮት ትከሻ ማሳበጫ የሚሸጠውን ጥጥ አወጣና ባልታጠፉት ጣቶቹ ትንሽ መዘዘ። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አሾረው። እነሱም ጉልበታቸው ስለደከመ ጊዜ ወሰደበት፤ ጫፉ ግን ቀጠነ። በርጩማውን ወደ ብርሃኑ አዞረልኝ።

«ይሄን ነው የማደርገው፣ አያምም» አለኝ። የጋሽ ሞገስ ቃል ነው፤ አንድም ፊደል አልጎደለም። ዓይኔ እያየ ከእጄ አንጓ በላይ ነካኝ። «የነካሁዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ። አሁን ይጨፍኑ።»

ጨፈንኩ። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ። ክንዴ ግርጌ ላይ እንደ ዝንብ አረፈብኝ፤ አሳየሁ። ከክርኔ በላይ አረፈብኝ፤ አሳየሁ። ደስ አለኝ። በልቤ፣ አየሽ አይደል፣ ስትፈሪ የከረምሽው ለከንቱ ነው አልኩ። ከዚያ ዝም አለ። ጠበቅሁ። ያቺ የጋሽ ሞገስ ተንኮል ትዝ አለችኝና ፈገግ አልኩ፤ እኔ ቸኩዬ የምገምት መሰልኩት? ጠበቅሁ። ዝምታው ረዘመ።

«ታደለ፣ እኔን በዚህ አታታልለኝም» አልኩት። «ያልነካኸኝን ነካኸኝ አልልም። ንካኝና እንገላገል።»

እሱም ቀስ ብሎ፦

«ሲስተር» አለኝ፤ «እየነካሁዎት ነው።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ጥጡ ነጯ ቦታ መሐል ላይ አርፏል፤ ጫፉ ጎንበስ ብሏል። እያየሁት እንኳ አይሰማኝም። የኔ ክንድ፣ የኔ ቆዳ፣ ላዩ ላይ ጥጥ ተቀምጦ የሌላ ሰው ክንድ የማይ መሰለኝ። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ደግሞም፣ እንዴት ብዬ እንደማስረዳው አላውቅም፣ ከዚያች ደረቅ ቦታ ጋር የጀመርኩት ክርክር ሁሉ በአንድ ጊዜ አበቃልኝ። ጣቶቼን ዘረጋሁ፣ አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ። ሁሉም ይሠራሉ።

ታደለም እያየኝ ነበር። «ደህና ናቸው» አለኝ። «ቶሎ ነው የመጡት። ነገ አብረን እንሄዳለን፤ እኔም ከእርስዎ ጋር አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ለልጅዎ ግን ዛሬውኑ ይንገሯት።»

እጄን ዘረጋሁለት። ጨበጠኝ፤ የታጠፉት ሁለት ጣቶቹ መዳፌ ውስጥ ገቡ። በዚህ ጊዜ ቶሎ አልለቀቅኩም።

«አንድ ነገር ብቻ ሲስተር» አለኝ። «ክኒንዎን የጨረሱ ዕለት እንዳያስጨበጭቡ።»

«እሺ» አልኩት። ዚፑን ይዤ ወደ ቤቴ ወጣሁ፤ ሹራቤን አውልቄ ቀኝ ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ።